«ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት»፦ ትርጉሙና የኔዋ «ፋሽታ»

ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ደጃፉ ላይ ግማሹ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተቀምጧል። ውስጡ ጠቆር ያለች አረንጓዴ ተክል አለች። ቅጠሏ እንደ ጦር የሾለ ነው፤ ነጫጭ መስመር ተጋድሞበታል።

«እማማ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ፋሽታ ናት ልጄ። ከድሬ ነው የመጣችልኝ።»

ሳቄን ዋጥኩት። «ፋሽታ» የሚባል ተክል የለም። ያለው «ፋሲያታ» ነው። ፋሽታ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ በእስክሪቢቶ፣ በችኮላ። ተክሏ ከሥሯ ልጅ ባወጣች ቁጥር ለጎረቤት ሰጠሁ። ስሟንም አብሬ ሰጠሁ። ጎረቤት ለእህቷ፣ እህት ለሥራ ባልደረባዋ። ይኸው የእጄ ጽሑፍ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ላይ ጠበቀኝ። የባሰው ደግሞ ፋሲያታ የሚለውም ቢሆን ልክ አልነበረም። ወደሱ እመለሳለሁ።

ያን ቀን ወደ ድሬ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንድ አባባል ከአፌ አልጠፋ አለ። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት።» አንዳንዱ «ይቀበላል ጎረቤት» ይለዋል። ሁለቱም ያው ናቸው።

እኛ ስምን «እናወጣለን»። ሕፃን ሲወለድ «ስም ማን አወጣላት?» ነው የምንለው። ይኸው «ወጣ» ደግሞ ከበር መውጣትም ነው። ስለዚህ በአባባሉ ውስጥ ስሙ ሁለት ጊዜ ይወጣል፤ አንዴ ከወላጅ አፍ፣ አንዴ ከደጅ። ቤት የሚለው ቃል ራሱ «ጎረቤት» ውስጥ ተመልሶ ይሰማል። ቤት መምቻው የመጣው ከዚያ ነው። አባባሉ ከአፍ የማይወድቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

ትርጉሙ፣ ሰው የራሱን ሰው ቤቱ ውስጥ በምን እንደሚጠራ ውጪው ያንኑ ይዞ ይጠራል ነው። ባል ሚስቱን በእንግዳ ፊት «ይቺ ሰነፍ» ካለ፣ ነገ መንደሩ ሰነፍ ቢላት ማንን ይቆጣል? እናት ልጇን «ዱርዬው» እያለች ካሳደገች፣ ጎረቤት ዱርዬ መሆን አለመሆኑን ቁጭ ብሎ አያጣራም። አባባሉም «ይመረምራል ጎረቤት» አላለም፤ «ይከተላል» ነው ያለው። ለመውቀሻም ለመምከሪያም ይውላል። ቤተሰቡን በሰው ፊት ለሚያዋርድ ሰው ሽማግሌ ይህን ጣል አድርጎለት ዝም ይላል።

የመጣበትን ኑሮ መገመት ከባድ አይደለም። ስም የቤተሰብ ሥራ ነበር። በብዙ ቦታ ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላት ነበር። ከዚያ ወዲያ መንደሩ የሚያውቃት በዚያ ነው። የልጅነት ስሟ እናቷ ቤት ይቀራል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ደስ የሚል አባባል ነው፤ ግን ኃላፊነቱን ወደ ሰማይ ይልካል። የኛኛው መልአክ ላይ ማላከክ አይፈቅድም። አንተ ነህ ያወጣኸው፣ ከአንተ ቤት ነው የወጣው ይላል።

የድሬዳዋ ነገርም አለ። በ1902 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው ናቸው) ባቡሩ እዚህ ሲደርስ ከተማዋ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ማን ይላታል ዛሬ? ነዋሪው አፍ ላይ የነበረው ድሬዳዋ አሸነፈ። የጀጎልም በሮች እንዲሁ ናቸው። ያው አንዱ በር በሐረሪ ሌላ፣ በአማርኛ ሌላ ስም አለው። ቤቱ ሲበዛ ስሙም ይበዛል።

ወደ ጀሪካኗ ልመለስ። ስገዛት ችግኝ ሻጩ «ዜብራ ካክተስ» ነው ያለኝ። ካክተስ አይደለችም። ደቡብ አፍሪካ የበቀለች የሬት ዘመድ ናት። እኛ አገር ቅጠሉ ወፈር ያለና ውኃ የሚቆጥብ ሁሉ ካክተስ ይባላል፣ ካልሆነም ቁልቋል። እቤት ገብቼ ሥዕል ሳመሳስል ሃዎርቲያ ፋሲያታ የሚለውን የሳይንስ ስም አገኘሁና ሁለተኛውን ቃል ጻፍኩ።

ችግሩ ቁርጥ እሷን የምትመስል እህት አለቻት፤ አቴኑዋታ ትባላለች። ልዩነታቸው በጣት ይያዛል። ቅጠሉን ከውስጥ በኩል፣ ወደ መሀል በሚያየው ፊቱ ዳስሱት። ለስላሳ ከሆነና ነጩ እብጠት ጀርባው ላይ ብቻ ካለ ፋሲያታ ናት። በሁለቱም በኩል ከሻከረ አቴኑዋታ ናት። እኔ አልዳሰስኩም፤ ከላይ አይቼ ፈረድኩ። በዓለም ገበያ ፋሲያታ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው አቴኑዋታ ነው። ችግኝ ቤቱ ከተሳሳተ ገዢው ሁሉ ይሳሳታል፤ ጎረቤት ይከተላላ! በዚያ ላይ ከ2013 ወዲህ ሁለቱም ሃዎርቲያ መባላቸው ቀርቶ በብዙዎች ዘንድ ሃዎርቲዮፕሲስ ሆነዋል። ሊቃውንቱም ቤታቸው ውስጥ ስም ይቀይራሉ ማለት ነው። አቦ፣ እኛ ምን እናድርግ?

ሬትም ጣጣው ብዙ ነው። «እንደ ሬት መረረኝ» የምንለው፣ እናቶች ልጅ ጡት ለማስጣል የሚቀቡት፣ ሬት በአማርኛ የአንድ ተክል ስም አይደለም። የብዙ ዘመዳሞች ስም ነው። አሁን ደግሞ ሁሉም «አሎቬራ» ሆኗል። እውነተኛው አሎቬራ ቅጠሉ ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው፤ ለጋ ሳለ ነጠብጣብ አለው፤ አበባው በተለምዶ ቢጫ ነው። ግቢያችሁ ያለው ቀይ ካበበ ፀጉራችሁን ከመቀባታችሁ በፊት ቆም በሉ። መጠጣቱንማ ተዉት። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር ያለው ቢጫ ፈሳሽ ከአሎቬራውም ቢሆን ሆድ ያጥባል።

የአሎቬራ ስም ራሱ የጎረቤት ታሪክ አለው። በ1768 ሁለት ሰዎች ለዚሁ ተክል ስም አወጡ። ሆላንዳዊው ቡርማን አሎ ቬራ አለው። እንግሊዛዊው ሚለር አሎ ባርባደንሲስ አለው። ቡርማን በጥቂት ቀናት ቀደመ። በእጽዋት ስም ሕግ ቀድሞ የታተመ ስም ይጸናል፤ ስለዚህ ቬራ ጸና። ሆኖም የቅባትና የሻምፑ ጠርሙስ ጀርባ ብታነቡ ዛሬም ባርባደንሲስ የሚል ታገኛላችሁ። ይኸው ስንት ዓመቱ፤ ጎረቤት የያዘውን አይለቅም።

እኔ የምወደው ግን ሌላ ሬት ነው። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጡ ሐርላ አለች፣ የጥንት ፍርስራሽ የሚቆፈርባት። በ1957 ሬይኖልድስ የተባለው የሬት አዋቂ ለአንድ ሬታችን አሎ ሐርላና የሚል ስም አወጣ። የሐርላዋ እንደማለት ነው። ስሟ ቃል በቃል ከቤቷ ወጣ። እና ይቺን የአገር ልጅ ፌስታል ውስጥ ከተው «አሎቬራ» ብለው ሲሸጡልኝ ይከፋኛል።

ቅንጭብና ቁልቋልን ከእውነተኛ ካክተስ መለየት ይቀላል። ጫፉን ስትቆርጡ ነጭ ወተት ከፈሰሰ ካክተስ አይደለም ብሎ መያዝ ነው። ወተቱ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ። እሾሃማዋ በለስ ግን ካክተስ ናት፤ ከአሜሪካ ነው የመጣችው።

መልክ የሚያሳስተው ሌላው ነገር አየሩ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ያቺው አንዷ ተክል ድሬ ፀሐይ ላይ ቀልታና ተኮማትራ ትቀመጣለች። በረንዳ ጥላ ሥር ተመዛ ትረዝማለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ሁለት ዘር ናቸው ቢል አልፈርድበትም። ስለዚህ በቀለም አትሰይሙ። አበባ እስክታወጣ ጠብቁ፣ ቅጠሉን በሁለት በኩል ዳስሱ። ከሥሯ የተነቀለች ልጅ የእናቷን ስም መያዝ ትችላለች። ከዘር የበቀለች ግን አትችልም፤ ሬቶች አንድ ግቢ ውስጥ በቀላሉ ይዳቀላሉ፣ የአባቱን ነገር ንቡ ነው የሚያውቀው።

ጀጎል ያሉትን እናት እንደገና ሄጄ አየኋቸው። ቅጠሏን ከውስጥ ዳሰስኩ። ሻካራ። አቴኑዋታ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ስሟን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኳቸው።

ሲኒውን አስቀምጠው ሳቁ። «አይ ልጄ፣ እኔኮ ለሦስት ሰው ሰጥቻለሁ። አንዷ ጅጅጋ ነው ያለችው። ማን ዞሮ ይነግርልኛል?»

ስወጣ አንዷን ልጅ ነቅለው ፌስታል ውስጥ ቋጠሩልኝ። አሁን ከዚራ ናት። ጀሪካኑ ላይ በማይለቅ ቀለም «አቴኑዋታ፣ ከጀጎል» ብዬ ጽፌያለሁ። ከሥሩ ደግሞ በትንሹ፦ «የቤት ስም ፋሽታ»።