«የፖርቹጋሎች ድልድይ» እና ሌሎች የጣና ዳር ወሬዎች

ጢስ ዓባይን ሊያይ የሄደ ሰው ፏፏቴው ጋ ሳይደርስ አንድ ያረጀ የድንጋይ ድልድይ ይሻገራል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔም ስንቱን እንግዳ ይዤ ሄጄ «ይሄ የፖርቹጋሎች ድልድይ ነው» ብያለሁ። ይቅር ይበለኝ። የምንለውን ወሬ በጥቅስ፣ መልሱን ከሥሩ አድርጌ ልጻፈው።

«ፖርቹጋሎች ሠሩት፤ እንዲያውም አባ ፓኤዝ።»
ያሠራው አፄ ሱስንዮስ ነው፤ በ1626 ገደማ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ፓኤዝ የተባለው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ የሞተው በ1622 ነው። ደግሞ ሰውዬው ስፔናዊ ነበር! በኖራ የመገንባቱ ጥበብም የገባው በህንድ በኩል ነው። «የፋሲልንም ግንብ እነሱ ሠሩት» ለሚል መልሱ አጭር ነው፤ ሚሲዮኖቹን ያባረረው ራሱ ፋሲል ነው።

«የካቶሊኩ ጉዳይ የቄሶችና የቤተ መንግሥት ጭቅጭቅ ነበር።»
እዚህ ላይ ነው የምንሳሳተው። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነቱን በይፋ አወጀ። በ1625 ከሮም የተሾመው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ መጣ፤ ነገሩም ከረረ። ሰው እንደ አዲስ ይጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግም ይካኑ፣ ግዝረት ይቅር ተባለ። የቅዳሜ ሰንበትማ ቀድሞም ተከልክሎ ነበር። እስቲ አስቡት። የገበሬው አባትም አያትም ቅዳሜ በሬ ጠምደው አያውቁም፤ ዛሬ አዋጅ መጥቶ «እረስ» ይለዋል። ገበሬው ሸፈተ። ላስታ ላይ መልክአ ክርስቶስ የሚባል መሪ ተነሣ። በ1632 ሱስንዮስ በጦርነት ድል አደረገ፤ ሜዳው ላይ የወደቀው ግን የገዛ ሕዝቡ ነበር። ወዲያው የቀድሞውን ሃይማኖት መለሰ፤ ዙፋኑንም ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ።

«ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ ድንኳን ብቻ ነበራቸው።»
የጎርጎራና የደንቀዝ ግንቦች የሱስንዮስ ናቸው። የእንፍራዙ ጉዛራ ግንብ ከእነሱም ይቀድማል።

«ጎንደርን ንጉሡ ብቻውን ያዝዛት ነበር።»
ፋሲል በ1636 ሲቆረቁራት የአባቱ መከራ ከፊቱ ነበር። ካህናቱን ያስከፋ ንጉሥ ምን እንደሚገጥመው አይቷል። የከተማዋ አሠራር ላይም ይሄ ይታያል። አቡኑ የራሱ ሰፈር ነበረው፤ አቡን ቤት። የመነኮሳቱ አለቃ እጨጌም የራሱ ነበረው፤ እጨጌ ቤት። እጨጌ ቤት የገባ ተፈላጊ አይያዝም ነበር፤ ሰፈሩ መማጸኛ ነበር። ጦርነት ሲመጣ ሰው ንብረቱን ተሸክሞ የሚሮጠውም ወደዚያው ነበር። ዛሬ ባንክ የምንለው መሆኑ ነው።

ጥበቃው ግን ለሁሉም አልነበረም። በ1668 የቀዳማዊ ዮሐንስ ጉባኤ ፈረንጆች ይውጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ለየብቻ ይስፈሩ ብሎ ወሰነ። ሙስሊሞቹ የሰፈሩበት ቦታ አዲስ ዓለም ተባለ። ከውጭ ጋር ያለው ንግድ በአብዛኛው በእጃቸው ስለነበር ሰፈር ተለየ እንጂ ገበያው አልተለየም።

«ሚሲዮኖቹ ሲባረሩ ክርክሩ አበቃ።»
ኧረ ባሰበት! በክርስቶስ ባሕርይ ላይ ቅባት፣ ተዋሕዶ፣ ጸጋ በሚባሉ ትምህርቶች ተከፍለው የእኛዋ ጎጃምና ጎንደር ሲሟገቱ ኖሩ። ክርክሩን ለተዋሕዶ የፈረደው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተካሄደው በ1878 ነው።

ቅዳሜዋስ? ዛሬም በጣና ዙሪያ ብዙ ገበሬ ቅዳሜ አያርስም። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ግን ጤፉን ጭኖ ማልዶ ታገኙታላችሁ።