አኩስቲክ ቡድን በአምባሰልና በባቲ አገር

አኩስቲክ ቡድን ማለት ያለ ኪቦርድና ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በእንጨት፣ በቆዳ፣ በክርና በትንፋሽ ብቻ የሚጫወት የወዳጆች ስብስብ ነው። ክላሲክ፣ ጃዝና የአገር ዜማ ለመቀላቀል ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል፦ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ቫዮሊን፣ የናይለን ክር ጊታርና ኮንትራባስ (ትልቁ ቁም ባስ)። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሚሰባሰቡ ሙዚቀኞች ጥሬ ዕቃው ደጃቸው ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸው የአምስት ድምፅ ስብስቦች) የሁለቱ ስም የአካባቢው ቦታ ስም ነው፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ። ቀሪዎቹ ትዝታና አንቺሆዬ ለኔ ናቸው።

ቅኝትን ከጃዝ ጋር ማጋባት አዲስ ነገር አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ አልበም ሲያሳትም መንገዱ ተጀምሯል። የእሱ ድምፅ ግን በቫይብራፎን፣ በሳክስፎንና በኦርጋን የቆመ ነው። ማሲንቆና ክራር ፊት ሲወጡ ፈተናው ሌላ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚመጣውም የኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ጉዳይ ነው።

አምባሰልን ከዶ ብንነሳ ኖታዎቹ ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። ሚ የሚባል የለም፤ ሜጀር (ዐቢይ) ወይም ማይነር (ንዑስ) ብሎ የሚወስን ሦስተኛ ድምፅ የለውም ማለት ነው። ጊታሪስቱ እጁ ስለለመደ ብቻ ዶ ማይነር ሲመታ ሚ ፍላት ሰተት ብላ ትገባለች፣ አምባሰሉም እዚያው ይፈርሳል። ይኼ ስህተት በግልጽ ስለሚሰማ ቶሎ ይታረማል። የሚያሳስተው ፋ ማይነር ነው። ፋ፣ ላ ፍላትና ዶ ሦስቱም ቅኝቱ ውስጥ ስላሉ የሚጎረብጥ ነገር የለም፤ ሆኖም እነዚያው አምስት ድምፆች ከፋ ሲቆጠሩ ንዑስ ትዝታ ናቸው። ባሱ ፋ ላይ ትንሽ ከሰነበተ አድማጩ አምባሰል መስማቱን ትቶ ትዝታ ውስጥ ይገባል፤ ዘፋኙም መመለሻ ያጣል። ስለዚህ ባሱ ዶን አይለቅም፣ ጊታሩ ዶና ሶልን ብቻ ይይዛል። ጃዝ ጃዝ እንዲል ከተፈለገ ሬ ፍላት ሜጀር ሰቨን የሚባል ባለ አራት ድምፅ ኮርድ አለ፤ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ አራቱም የቅኝቱ ልጆች ናቸው። አንዴ ብልጭ አድርጎ ወደ ዶ መመለስ ያምርበታል፤ ሲደጋገም ግን ይሰለቻል።

የዝግጅቱን ቅደም ተከተል የሚወስነው ክራር ነው። ከዶ ዐቢይ ትዝታ ወደ ዶ አምባሰል ለመሄድ ሬን ግማሽ ድምፅ ዝቅ፣ ሚን ግማሽ ከፍ፣ ላን ግማሽ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስት ክር በመድረክ ላይ ማስተካከል ጊዜ ይበላል፤ አዲስ የተወጠረ ናይለን ደግሞ ዜማው መሐል ላይ ተመልሶ ይረግባል። መፍትሔው ድምፅ የሚጋሩ ቅኝቶችን ማጎራበት ነው። የዶ ዐቢይ ትዝታና የላ ንዑስ ባቲ አንድ ዓይነት አምስት ድምፅ አላቸው፤ የፋ ንዑስ ትዝታና የዶ አምባሰልም እንደዚሁ። አንቺሆዬን ከአምባሰል ቀጥሎ ማስገባት ይሻላል፤ ሶል ግማሽ ዝቅ፣ ላ ፍላት ግማሽ ከፍ ሲል አለቀ።

ቫዮሊንና ማሲንቆ አንድ ዜማ በአንድ ከፍታ ሲጫወቱ ይጋጫሉ። የማሲንቆ ጣት ክሩን ይነካል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫንም፣ ድምፁንም እያንሸራተተ ነው የሚያገኘው። ቫዮሊኑ ስምንት ድምፅ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ፣ ቪብራቶውንም (የድምፅ ማርገብገቡን) ቀንሶ ቢከተል ይሻላል። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቃን ይህን ለመቀበል ትንሽ ይከብዳቸዋል።

አየሩም የራሱ ፈተና አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ጠዋት ደሴ ብርድ ላይ ተቃኝቶ ከሰዓት ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የሚጫወት ቡድን ሁለት ተቃራኒ ነገር ይገጥመዋል፦ ክር ሲሞቅ ይረግብና ድምፁ ይወርዳል፣ ዋሽንት ሲሞቅ ድምፁ ይወጣል። የ10 ዲግሪ ልዩነት ዋሽንቱን የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ከፍ ያደርገዋል፤ ይህን ማንም ጆሮ ያለው ይሰማዋል። ዋሽንት መቃኛ ስለሌለው ሌሎቹ ወደ እሱ ይቃኛሉ፤ ያውም ነፊው ጥቂት ደቂቃ ነፍቶ ካሞቀው በኋላ። ደሴ ጉም ሲወርድባት ደግሞ የማሲንቆው የፈረስ ጭራ እርጥበት ጠጥቶ ይለመጣል፣ የከበሮውም ቆዳ ይላላል። ከበሮው ፀሐይ ወይም ከሰል አጠገብ ይሞቃል፤ በጣም ከተጠጋ ቆዳው ይሰነጠቃል።

አቀማመጡ ግማሽ ክብ ነው። ክራርና ዋሽንት ፊት፣ ከበሮና ባስ ኋላ። ክራር በድርደራ (ክሩን አንድ በአንድ በጣት) ሲጫወት ድምፁ ትንሽ ነው፤ በግርፍ (ክሮቹን አብሮ በመምታት) ሲሆን ጊታሩን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተራ ይጠባበቃሉ።

ሶሎ ላይ የጃዝ ልማድ የመለኪያ (የምት ክፍል) ብዛት ቆጥሮ ተራ መልቀቅ ነው። የአዝማሪ ልማድ ግን ግጥሙ እስኪሞላ ነው፤ ከአድማጭ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲሰጠው ማሲንቆው ዜማውን ያረዝማል። አጃቢዎቹ ቆጥረው ወደ ቀጣዩ ኮርድ ካለፉ ዘፋኙ የቤት መምቻው ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ባሱ ዓይኑን ከማሲንቆው ደጋን ሳይነቅል፣ ደጋኑ ሲዞር አብሮ ይዞራል።