እያደገ ያለ እግር፦ የታዳጊ ሯጮች ልምምድና ጉዳት መከላከል

በቆጂ አርሲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባህር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የተገኙት ከዚችው ከተማና ከአካባቢዋ ነው። አራቱም የኦሎምፒክ ወርቅ አላቸው። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ካሠለጠኗቸው አንዱ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ሥራቸውን የጀመሩት በትምህርት ቤት የስፖርት መምህርነት ነበር።

ዛሬ ታዳጊዎች የሚሠለጥኑበት ቦታ በዝቷል። አሰላ ላይ የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። አዲስ አበባ ላይ የወጣቶች ስፖርት አካዳሚ አለ። በየከተማው ደግሞ «ፕሮጀክት» የሚባሉት የታዳጊ ቡድኖች አሉ። አብዛኛው ልጅ የሚጀምረው ግን ከሰፈር ሜዳ ነው። የሚጎዳውም እዚያው ነው፤ ማንም ሳያየው።

የልጅ እግር የትልቅ ሰው እግር ትንሹ አይደለም። የልጅ አጥንት ጫፍና ጫፉ ላይ ገና ያልጠነከረ፣ እድገቱ የሚካሄድበት ለስላሳ ክፍል አለው። ሴት ልጅ በጣም የምትመዘዘው 12 ዓመቷ አካባቢ ነው፤ ወንድ ልጅ 14 አካባቢ። በዚያ ጊዜ አጥንቱ ቀድሞ ይረዝማል፤ ጡንቻና ጅማት ወደኋላ ይቀራሉ። የአጥንቱ ጥንካሬም ቁመቱን የሚደርስበት ከወራት በኋላ ነው። የተወጠረ ጅማት ያልጠነከረ አጥንት ይጎትታል ማለት ነው።

አንድ የ14 ዓመት ልጅ መስቀል አደባባይ ላይ ቱታውን ሰብስቦ ጉልበቱን አሳይቶኝ ያውቃል። ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ጠንካራ እብጠት ነበረበት። በአውራ ጣቱ ሲጫነው ፊቱ ተጨማደደ። «ወድቄ አላውቅም፣ ማንም አልመታኝም» አለኝ። እውነቱን ነበር። በዚያ ዓመት የጫማው ቁጥር በሁለት ጨምሯል። ይህ ሕመም ኦስጉድ ሽላተር ይባላል፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ለየብቻ የገለጹት የሁለት ሐኪሞች ስም ነው። ተረከዝ ላይ የሚመጣው ወንድሙ ሲቨር ይባላል። ሁለቱም እድገት ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋሉ። እስከዚያ መድኃኒታቸው ሩጫና ዝላይ መቀነስ ነው። «ቻለው» እየተባለ የሚሮጥ ልጅ ግን ወራት ያጣል።

መሬቱ ብዙ ይወስናል። የእኛ ሯጮች ሳምንቱን ጫካ፣ ኮሮኮንችና አስፋልት ብለው ይከፍሉታል። ጥሩ ልማድ ነው። ባህር ዛፍ መሀል በሰልፍ ዚግዛግ መሮጥ ፍጥነቱን በራሱ ይይዘዋል፤ አፈሩም ለስላሳ ነው፤ ቁርጭምጭሚትም በየአቅጣጫው ይሠራል። ለታዳጊ አስፋልት በጥቂቱ ይበቃዋል። ከተማ ላይ ደግሞ ደረጃ አለ። መስቀል አደባባይ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚወጡ የሚወርዱ ልጆች ይታያሉ። መውጣቱ ልብን ነው የሚያሠራው። ጉልበትና ባት የሚመታው መውረዱ ነው። ሮጦ ወጥቶ በእርምጃ መውረድ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ስንት ይለማመድ? ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ቀላል ልክ አለ፦ የሳምንቱ የልምምድ ሰዓት ከልጁ ዕድሜ አይብለጥ። የ13 ዓመት ልጅ ቢበዛ 13 ሰዓት። ከዚያ ያለፉ ልጆች ከድካም ብዛት ለሚመጣ ጉዳት ይበልጥ እንደሚጋለጡ ታይቷል። የሰፈር ኳሱም፣ የትምህርት ቤቱ ስፖርትም ይቆጠራል። በሳምንት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ያስፈልጋል። እንቅልፍም በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል። ጥሩነሽ በ2003 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ነው፤ ይህን አይተው የሚቸኩሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። የዓለም ውድድር ራሱ እንኳ ልጆችን ይጠብቃል። በዓለም አገር አቋራጭ ከ20 ዓመት በታች ሴቶች የሚሮጡት 6 ኪሎ ሜትር፣ ወንዶች 8 ኪሎ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ የወረቀት ዕድሜ። ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ከእውነተኛ የ14 ዓመት ልጆች ጋር ይሠለጥናል። እኩል ለመሄድ ሲሉ ትንንሾቹ ይሰበራሉ። አሠልጣኙም ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ አያውቅም።

ማሟሟቅ የሚዘለል ነገር አይደለም። ፊፋ ያሠራጨው «11+» የተባለው የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ሩጫ፣ ሚዛን፣ የጥንካሬ ሥራና ከዝላይ አወራረድ የተቀላቀለበት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ የኖርዌይ ጥናት፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ሴት ተጫዋቾችን ጉዳት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። ዕቃ አይጠይቅም። ለሯጭም ይሆናል። ሴት ልጆች ላይ በተለይ ከዝላይ ሲወርዱ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ማስተማር ያስፈልጋል። ቆሞ ረጅም ማሳሳብ ከሩጫ በኋላ ይሻላል።

«ብረት ቁመት ያስቀራል» የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ካለና ክብደቱ ቀላል ከሆነ ጥንካሬ ሥራ ለታዳጊ ይጠቅማል። ስኳት (ቁጭ ብድግ) እና በአንድ እግር መቆም ለመጀመሪያ ይበቃል።

ምግብ ላይ ሴቶቹ ልጆች ያሳስቡኛል። ብዙ ሮጣ ትንሽ የምትበላ ልጅ አጥንቷ ይሳሳል። የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ካልመጣ፣ ሐኪም ማየት አለባት። «ሯጭ ስለሆንኩ ነው» ብሎ ማለፍ አያስፈልግም። ምስር፣ ሽሮና ጎመን አይረን አላቸው፤ ሎሚ ወይም ብርቱካን አብሮ ሲሆን ሰውነት ይበልጥ ይወስደዋል። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ግን ይከለክሉታል። በጾም ወቅት፣ የዐቢይ ጾምም ሆነ ረመዳን፣ ከባዱን ልምምድ ወደ መብያው ሰዓት ማስጠጋት ወይም ማቅለል ይሻላል። በሶ ለዚህ ድንቅ ነው።

ወለምታ ሲመጣ ሰው ወደ ወጌሻ ይሮጣል። ሙቅ ውሃ፣ ቅባት፣ ማሸት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት እነዚህ እብጠቱን ያብሳሉ። የሚያስፈልገው ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቀዝቃዛ ነገር፣ ላላ ብሎ መታሰርና እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት ነው። በጣም የጠበቀ ማሰሪያ ደም ያቋርጣል። በዚህ ምክንያት እግራቸው የተቆረጠ ልጆች ታሪክ በአገራችን ሐኪሞች ጽሑፍ ውስጥ አለ። ጎበዝ ወጌሻ አለ፤ አልክድም። ግን አጥንት ተሰብሮ እንደሆነ በጣት አይታወቅም።

ቅልጥም ላይ የሚመጣ ሕመም ሁለት ዓይነት ነው። በርዝመቱ ሁሉ የሚሰማ ከሆነ ጭነት ሲቀንስ ይሻለዋል። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ፣ በአንድ ጣት የሚያመላክቱት ከሆነና ሌሊትም ካመመ፣ አጥንቱ ስንጥቅ ጀምሮት ሊሆን ይችላል። ኤክስሬይ በመጀመሪያው ሁለት ሦስት ሳምንት ላያሳየው ይችላል። «ንጹህ ነው» ተብሎ የተመለሰ ልጅ ሕመሙ ካልተወው ደግሞ መሄድ አለበት።

መመለሻው በደረጃ ነው። መጀመሪያ 30 ደቂቃ ያለ ሕመም መራመድ። ቀጥሎ በተጎዳው እግር ብቻ አሥር ጊዜ መዝለል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ሳር ላይ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ሲወርድ ካላመመው አንድ ዙር ይጨምራል። ካመመው ወደ እርምጃው ይመለሳል።