ሃርነስ ምንድን ነው? ቀበቶስ ለምን አይደለም?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ከአክስቴ ልጅ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። የሚኖረው ሚኒሶታ ነው፣ ለእረፍት መጥቶ ነው። እዚያ አጋዘን ያድናል። አጋዘን ስል የእኛን ማለቴ አይደለም፤ የእነሱ ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል፣ የጅራቱ ውስጥ ነጭ የሆነ ሌላ ዘር ነው። ሳይነጋ ዛፍ ላይ ይወጣል። ግንዱ ላይ በጠፍር በታሰረች ትንሽ መቀመጫ ቁጭ ብሎ ሰዓታት ይጠብቃል።

ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። የአደን ጓደኛው ከመቀመጫው ሲንሸራተት ነው። ሃርነስ የሚባለውን የጠፍር ልብስ ለብሷል። ገመዱ ያዘው፤ ግን እስኪይዘው ድረስ አንድ ሜትር ያህል ወርዷል። ከዚያ ዞሮ ከግንዱ ጋር ተላተመ። ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰበረ።

ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አብሮን ያያል። (እዚህ ከተማ ስልክ የግል አይደለም።) "ሃርነስ ለብሶማ እንዴት ይወድቃል? ቀበቶው ፎርጅድ ነው" አለ። በእርግጠኝነት ነው ያለው፤ ማኪያቶውንም አማሰለ።

እኔ ዛፍ ቆራጭ ነኝ። ካዛንቺስ፣ ቀበና፣ አራት ኪሎ፣ አሮጌ ግቢ ውስጥ ጣሪያ ላይ የተንጋደደ ባሕር ዛፍ ወይም ጽድ ካለ ከላይ ጀምረን እየቆራረጥን እናወርዳለን። ሃርነስ የየቀን ልብሴ ነው። ይህንን "ቀበቶው ፎርጅድ ነው" የሚሉትን ወሬ ደግሞ ከሕንፃ ፎርማን፣ ከግቢ ባለቤት፣ ከራሴ ረዳት ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ጠግቤያለሁ። ስለዚህ ይኸው።

ሃርነስ ማለት ሰውነትን ከገመድ ጋር የሚያገናኝ የጠፍር ልብስ ነው። ጭን፣ ወገብና ትከሻ ላይ ይታሰራል። ሥራው አንድ ነው፤ ገመዱ ሲይዛችሁ የሚመጣውን ኃይል አንድ ቦታ ላይ እንዳያርፍ ማከፋፈል። እንዴት እንደሚለበስ፣ ዘለበቱ በየት እንደሚገባ አልነግራችሁም፣ ዕቃው ላይ ተስሎላችኋል። መውደቅን የሚከለክለው ግን እሱ አይደለም። ስንት ሜትር እንደምትወድቁ የሚወስነው ገመዱ ምን ያህል እንደላላና የት እንደታሰረ ነው። በቪዲዮው ላይ ያለው ሃርነስ ፎርጅድ አልነበረም። ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ሰውየው በሕይወት አለ አይደል እንዴ?

የበዓል ዋዜማ ግቢ ውስጥ የታሰረ በግ አይታችሁ ታውቃላችሁ። ገመዱ ረዥም ከሆነ ይንደረደራል። ገመዱ ሲያልቅ አንገቱ ወደ ኋላ ቀርቶ አራት እግሩ ወደ ሰማይ ይነሳል። ገመዱ አጭር ከሆነ ግን መንደርደሪያ የለውም። ይጎትታል፣ ይደገፋል፣ ይሰለቸዋል፣ ተመልሶ ድርቆሹን ይበላል። በጉ ያው በግ ነው፣ ገመዱም ያው ገመድ ነው። የተለየው ገመዱ እስኪወጠር ድረስ የሰበሰበው ፍጥነት ነው። ዛፍ ላይ ያለን ሰዎች፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በጎች ነን። ልዩነቱ በጉ ወዶ ይሮጣል፣ እኛን መሬት ትጠራናለች።

በጉን ትንሽ ልግፋው። አንገቱ ላይ የታሰረው ሲጎተት ይታነቃል። ያንኑ ገመድ ደረቱንና ብብቱን አዙራችሁ ብታስሩለት ያው ድንገተኛ ጉተታ ይደርስበታል፣ ግን አይታነቅም። አንገቱ ላይ ያለው ቀበቶ ነው፣ ደረትና ብብቱን የያዘው ሃርነስ። እዚህ ላይ ምሳሌው ያልቅብኛል፤ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳይ ገመዱ ከራስ በላይ መታሰሩ ነው፣ ከላይ የታሰረ በግ ደግሞ ቆዳው እየተገፈፈ ያለ በግ ነው።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ነገር ልምጣ። መርካቶ ገመድ ልገዛ ስሄድ ሻጩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኛል። "ሁለት ቶን ይችላል፣ ምን ትፈልጋለህ?" ይችላል እንበል። የእኛ ዓይነቱ የመውጫ ገመድ በአውሮፓ መለኪያ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን መቻል አለበት፤ ከሁለት ቶን በላይ ነው። ጥያቄው ግን ገመዱ ይችላል ወይ አይደለም። አንተ ትችላለህ ወይ ነው።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1 ሜትር ወርዶ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ቀጥ ቢል፣ በአማካይ የሚያርፍበት ኃይል 8.6 ኪሎ ኒውተን ያህል ነው። በእኛ አነጋገር 880 ኪሎ ገደማ። ሁለት የሰቡ በሬዎች ወገቡ ላይ ተቀመጡ በሉት። ገመዱ "ምንም አልሆንኩም" ይላል፣ ሻጩም እውነቱን ነው። አከርካሪው ግን ሁለት ቶን የሚል ጽሑፍ የለበትም። ያው ሰው ያንኑ 1 ሜትር ወርዶ ቀስ እያለ በሌላ 1 ሜትር ውስጥ ቢቆም 160 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው የሚደርስበት። መጀመሪያውኑ ገመዱ የተወጠረ ቢሆን ደግሞ የሚሸከመው የራሱን ክብደት ነው፣ 80 ኪሎ። ተንሸራተተ፣ ተንጠለጠለ፣ ተሳደበ፣ ተመልሶ ቆመ። አለቀ።

አንዳንድ ገመድ ላይ የምታዩት የታጠፈና የተሰፋ ወፍራም ጠፍር የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስትወድቁ ስፌቱ እየተተረተረ ማቆሚያውን ያረዝመዋል። የአውሮፓው መለኪያ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ከ6 ኪሎ ኒውተን እንዳይበልጥ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ከተተረተረ ግን ይጣላል። መልሶ በሲባጎ የሰፋው ሰው አጋጥሞኛል። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፍም።

አንድ ነገር በዚህ መሀል ልጨምር። ዛፍ ላይ የምንወጣበት ገመድ ሆን ተብሎ እንዳይለጠጥ ነው የተሠራው። ሲለጠጥ እንደ ላስቲክ ያነጥረናልና መጋዝ መያዝ አይቻልም። ገደል የሚወጡት ግን የሚለጠጥ ገመድ ይጠቀማሉ፣ ምክንያቱም እነሱ መውደቅ የሥራቸው አካል ነው። በእኛ ገመድ ላይ እንደነሱ ከወደቃችሁ ከብረት ዘንግ ጋር እንደ መታሰር ነው። ስለዚህ "ጠንካራ ገመድ አለኝ፣ ትንሽ ቢላላ ምን ይሆናል" የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦታል። ጠንካራ ስለሆነ ነው እንዲላላ የማንፈቅድለት።

የወገብ ቀበቶን ጉዳት በራሴ ላይ ነው ያየሁት። ከአሥር ዓመት በፊት ቀበና አካባቢ አንድ ጃካራንዳ ላይ ነበርኩ። ወገቤ ላይ ሴፍቲ ቤልት ብቻ። ገመዱ የላላው ከአንድ ክንድ አይበልጥም። እግሬ የያዘው ቅርንጫፍ ተገነጠለ። ቀበቶው ከወገቤ ወደ ጎድኔ ሽቅብ ወጣ፣ ትንፋሼ ጠፋ፣ ጭንቅላቴ ወደ ታች ዞረ። የቤቱ እመቤት ውሃ ይዘው እየሮጡ መጥተው "ተው ልጄ፣ ዛፉ ይቅር" ሲሉኝ መመለስ አልቻልኩም። ሳምንት ሙሉ ማስነጠስ ፈርቼ ነው የከረምኩት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 መጀመሪያ ጀምሮ የግንባታ ሠራተኛን ከመውደቅ ለመያዝ የወገብ ቀበቶ መጠቀም ተከልክሏል። ሕጉ የሥራ ቦታ ሕግ ነው፣ አዳኝን አይነካም። የአዳኝ መቀመጫ የሚሠሩትም ግን ሙሉ ሃርነስ ልበሱ ነው የሚሉት።

ቀበቶን ደግሞ አልረግምም። ግንዱን አቅፎ ሁለት እጅን ነጻ ለማድረግ ጥሩ ነው፣ እኔም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። ያኔ ሁልጊዜ ውጥር ነው፣ ተደግፌበት ነው የምቆመው። ለመደገፊያ የተሠራን ዕቃ ለመያዣ ማድረግ ነው ጥፋቱ።

ይህን ሁሉ ስተነትን የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ይሰማል። ከዚያ "እኔማ ወንበሬ ላይ ስደርስ ወዲያው እታሰራለሁ" አለ። ማኪያቶዬን አስቀመጥኩ።

ስትደርስ? የአዳኞች መውደቅ በብዛት የሚደርሰው ሲወጡ፣ ሲወርዱና ከመሰላሉ ወደ መቀመጫው ሲሻገሩ ነው። በእንቅልፍ ዓይን፣ በጨለማ፣ ወፍራም ጫማና ወፍራም ልብስ ለብሰው። ይኼ ልጅ አምስትና ስድስት ሜትር ያለ ምንም ገመድ ወጥቶ፣ መሬት ላይ የለበሰውን ሃርነስ እላይ ሲደርስ ሥራ ያስጀምረዋል። ከ5 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት ሲነካ ፍጥነቱ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባስ ገጭቶኛል በሉ።

መፍትሔው የቆየ ነው። ከመቀመጫው በላይ ግንዱ ላይ የታሰረ፣ እስከ ዛፉ እግር የሚወርድ አንድ ገመድ። በእሱ ላይ ፕሩሲክ የሚባል ቋጠሮ ይታሰራል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ካስተዋወቀው ኦስትሪያዊ ካርል ፕሩሲክ ነው። ቀጭን ገመድ ወፍራሙ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። በእጅ ሲገፉት ይንሸራተታል፣ ክብደት ሲያርፍበት ነክሶ ይይዛል። መሬት ላይ ሆናችሁ ከቋጠሮው ጋር ትታሰራላችሁ፣ እየወጣችሁ ወደ ላይ ትገፉታላችሁ፣ ሁልጊዜ ከራሳችሁ ከፍ ብሎ። አንድ ነገር ብቻ፤ ስትወድቁ ቋጠሮውን ጨብጣችሁ እንዳትይዙት። የሰው ደመ ነፍስ ያገኘውን መጨበጥ ነው፣ የተጨበጠ ፕሩሲክ ደግሞ ላይነክስ ይችላል። ረዳቶቼን ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጌ "ልቀቀው!" እያልኩ ነው የማለማምዳቸው።

ወንበሩን ትተው ኮርቻ መሳይ ጠፍር ላይ ተንጠልጥለው የሚያድኑም አሉ። ሳድል ይሉታል። ሲያዩት ያስፈራል፣ ግን ገመዱ ሁሌ ውጥር ነው። መንደርደሪያ የሌለው በግ። ከገመዱ መታሰሪያ በላይ እስካልወጡ ድረስ ከወንበሩ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ካነሳሁት አይቀር፣ ማንም ባይጠይቀኝም፦ ገመድ ከመኪና ባትሪ ጋር አንድ ኮፈን ውስጥ አይጣልም። የባትሪ አሲድ ናይለንን ይበላዋል፣ ዓይን ግን ላያየው ይችላል። ባሕር ዛፍ ላይ ቅርንጫፍ አትመኑ፣ ጤነኛ መስሎ ይገነጠላል፣ ግንዱ ላይ እሰሩ። ገመዱን ቅርንጫፍ ላይ አሻግራችሁ ጫፉን ከታች ከዛፉ እግር ጋር ካሰራችሁት ቅርንጫፉ የሚሸከመው የክብደታችሁን ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። እዚህ መሀል ከተማ ደግሞ ከዛፉ በፊት የመብራት ሽቦውን እዩ። ጠመንጃ ይዞ አይወጣም፤ ጥይቱ ወጥቶ ታች ይቀመጣል፣ አዳኙ እላይ ደርሶ ራሱን ካሰረ በኋላ በገመድ ይሳባል። ይቺን የነገረኝ የአክስቴ ልጅ ነው፣ በእሷ እንኳን ጎበዝ ነው። እኛ አገር ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ስለሆነ እኔ የምስበው መጋዝ ብቻ ነው። ደንቡ ግን ያው ነው።

ደግሞ ነገሩ በመንጠልጠል አያልቅም። ሃርነስ ውስጥ እግር ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ እግር የሚረገጥባት ቁራጭ ጠፍር ኪስ ውስጥ ትኑር። ስልክም እጅ የሚደርስበት ኪስ ውስጥ፣ ታች ያለው ቦርሳ ውስጥ አይደለም።

ሰውዬው እስካሁን አልተነሳም። "እሺ፣ ታዲያ የት ይታሰር?" አለኝ። የአክስቴን ልጅ የቦርሳ ጠፍር ፈታሁና ልጁን ራሱን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰርኩት። መጀመሪያ ጠፍሩ ምሰሶው ላይ በጉልበቱ ትክክል ነበር። ተቀምጦ ወደ ፊት እንዲንሸራተት ነገርኩት፤ ጠፍሩ ሳይወጠር ሊወድቅ ደረሰ። ከዚያ ተቀምጦ ሳለ ከራሱ በላይ አሰርኩት፣ ምንም ሳይላላ። ተንሸራተተ፤ መቀመጫው ከወንበሩ አራት ጣት እንኳ አልራቀም።

"እንዲህ ከሆነማ ትከሻዬን ይዞኝ መዞር አልችልም" አለ የአክስቴ ልጅ። ለካ ዛፍ ላይ ጉልበቱ ጋ የሚያስረው ለዚህ ነው።

"ፎርጅድ አይደለም ማለት ነው" አለ ሰውዬው፣ ለእሱ ይሁን ለእኔ እንጃ። አስተናጋጁ መጥቶ ጠፍሩን አየና ሂሳብ ሳንከፍል እንዳንታሰር ነገረን።