የሁለተኛ ዲግሪ የጊዜ ሰሌዳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ ከምዝገባ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ ርክክብ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መደበኛው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በአብዛኞቹ የትምህርት ክፍሎች በሁለት ዓመት፣ ማለትም በአራት ሴሚስተር፣ እንዲጠናቀቅ ሆኖ የተቀረጸ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ያልፋል፤ ሁለተኛው በዋናነት ለመመረቂያ ጽሑፍ የተተወ ነው። በስድስት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎና በጥቁር አንበሳ ግቢዎች የሚማር ሰው ይህን ጊዜ በወራት ሲከፋፍል ከዩኒቨርሲቲው ካላንደር በተጨማሪ የመንግሥትን የበጀት ዓመት፣ የገበሬውን የሥራ ወቅትና የክረምቱን ዝናብ አብሮ መቁጠር ይኖርበታል። ዕቅዱ የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ግን ከሁሉ በላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዓመት መካከል ባለው ክረምት ነው።

አመጣጡ

ተቋሙ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ሥራ ጀመረ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሲሰጡ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በስማቸው ተሰየመ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ዲግሪ ማለት በአብዛኛው ባሕር ማዶ መሄድ ማለት ነበር።

የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ አገሪቱ በአብዮትና በጦርነት ውስጥ እያለች በጥቂት መምህራንና በጥቂት ተማሪዎች የተጀመረ ታላቅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በጽሕፈት መኪና ተተይበው የተጠረዙት የመመረቂያ ጽሑፎች ዛሬም የተቋሙ ቅርስ ናቸው። በተለይ በታሪክ ትምህርት ክፍል የተሠሩት ሥራዎች፣ ከዚያ በፊት በጽሑፍ እምብዛም ያልተነኩ አካባቢዎችን ታሪክ ከሽማግሌዎች ቃልና ከሰነዶች አሰባስበው ያቀረቡ በመሆናቸው፣ የአንድን አውራጃ የመሬት ይዞታ፣ የንግድ መስመር ወይም የአስተዳደር ለውጥ የሚያጠና ሰው እነርሱን ሳይጠቅስ ሊያልፍ አይችልም። ቃላቸውን የሰጡት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ስለዚህ ጽሑፎቹ ራሳቸው ምንጭ ሆነው ቀርተዋል። የሚገኙትም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ነው። ጽሑፎቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ሲሆኑ፣ በአማርኛ ትምህርት ዘርፍ በአማርኛ መጻፍ የቆየ ልማድ ነው።

የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1987 ተከተለ። በኋላም በየክልሉ የተከፈቱት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች መምህር ሲፈልጉ የስድስት ኪሎ ቅበላ እጅግ ሰፋ። የአማካሪዎች ቁጥር ግን በዚያው ልክ አላደገም፤ ዛሬ ለሚታየው መጓተት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው የሚሉ አሉ፤ የተማሪውን ዝግጅት የሚያነሡም አይጠፉም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ግቢዎቹ ሲዘጉ ሥራው በከፊል በኢንተርኔት ቀጥሏል።

የመጀመሪያው ዓመት

አመልካቹ የመግቢያ ፈተና ያልፋል። ፈተናው ቀድሞ በዩኒቨርሲቲው ብቻ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሴሚስተር ኮርስ ነው። ለመመረቅ አማካይ ውጤቱ ቢያንስ 3.00 መሆን ስላለበት በዚህ ዓመት አንድ ኮርስ ማበላሸት በሁለተኛው ዓመት ጽሑፉን ትቶ ውጤት ለማስተካከል መሮጥን ያስከትላል። የምርምር ዘዴ ኮርስ የሚሰጠው በዚሁ ዓመት ሲሆን፣ ለኮርሱ የሚቀርበውን የጽሑፍ ሥራ በኋላ ሊሠሩበት ባሰቡት ርዕስ ላይ መሥራት ብዙ ጊዜ ይቆጥባል።

ክረምቱ

ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ በካላንደሩ ላይ ዕረፍት ነው። ብዙ ተማሪ ወደ መሥሪያ ቤቱ ወይም ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል፤ ርዕሱንም መስከረም ላይ እመርጣለሁ ብሎ ያሳድራል። እንዲህ ያለው ተማሪ ርዕስ ፍለጋ ሲጀምር ክረምቱን ያነበቡት ጓደኞቹ አማካሪዎቹን ይዘውበት ይጠብቁታል። ክረምቱን በሚገባ የሚጠቀም ሰው ከሰኔ ሳይወጣ ከአንድ ወይም ከሁለት መምህራን ጋር ተነጋግሮ፣ ሁለት ሦስት ርዕሶችን ይዞ ይለያያል። በሐምሌና በነሐሴ ቀደምት የመመረቂያ ጽሑፎችን ያገላብጣል፤ ይህም የሚረዳው ርዕሱ አለመሠራቱን ለማረጋገጥ ብቻ አይደለም። ቀደም ያለው ተማሪ መረጃውን ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንዳገኘና የት ላይ እንደተቸገረ በመቅድሙና በጥናቱ ውስንነት ክፍል ላይ ተጽፎ ይገኛል። የዩኒቨርሲቲው የኤሌክትሮኒክ ማኅደር ብዙዎቹን በነፃ ያስነብባል። አራት ኪሎ የሚገኘው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም የግቢው ቤተ መጻሕፍት በማይመችበት ቀን ጥሩ መቀመጫ ነው።

ፕሮፖዛል

ጥሩ ዕቅድ ፕሮፖዛሉን፣ ማለትም የጥናቱን ንድፍ፣ ከጥቅምት እስከ ኅዳር ያስጨርሳል። በዚህ ጊዜ የትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ ርዕሱን ያጸድቃል፣ አማካሪ ይመድባል፤ ተማሪውም በብዙ ክፍሎች በመምህራንና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል። ርዕሱ እዚህ ላይ መጥበብ አለበት። «በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ችግር» ብሎ የመጣ ተማሪ ወደ አንድ ክፍለ ከተማ፣ ወደ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይትና ወደ አንድ ጥያቄ ካልወረደ በአራት ወር የሚሰበሰብ መረጃ አይኖረውም።

በጤና ሳይንስ ኮሌጅ በዚህ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይጨመራል። ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ግዴታ ነው፤ ያለ ፈቃዱ የበሽተኛ ካርድ አይነካም፣ ኮሚቴውም ማስተካከያ ካዘዘ ፕሮፖዛሉ የሚታየው በቀጣዩ ስብሰባ ነው። በአራት ኪሎ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ኬሚካል ካስፈለገው ትዕዛዙን ከፕሮፖዛሉ ጋር አብሮ ማስኬድ አለበት፤ የውጭ ምንዛሪና የጉምሩክ ሂደት ወራት ሊወስድ ይችላል።

መረጃ መሰብሰብ

ዕቅድ በብዛት የሚፋለሰው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የጊዜው ባለቤት ተማሪው መሆኑ ያበቃል። የመጀመሪያው ሥራ የትብብር ደብዳቤ ማውጣት ነው። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ከመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ሲያገኝ ይወጣል፤ በሚሄድበት መሥሪያ ቤትም እንደገና በመዝገብ ቤት ገብቶ ለኃላፊው ይመራል፣ ኃላፊው ለባለሙያው ይመራል። ባለሙያው ለመስክ ሥራ ከወጣ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ለአምስት መሥሪያ ቤት አምስት ደብዳቤ በአንድ ቀን መጠየቅና በአንድ ሳምንት ማድረስ ይገባል። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ወራትን ይበላል። የገባበትን ቁጥር በማስታወሻ መያዝም አይረሳም፤ «ደብዳቤህ የለም» ሲባል የሚያድነው ያ ቁጥር ነው።

የወቅት ምርጫው እንደ ጥናቱ ይለያያል። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በግንቦትና በሰኔ የፋይናንስና የዕቅድ ባለሙያ ለቃለ መጠይቅ ጊዜ የለውም። ትምህርት ቤት ላይ የሚሠራ ሰው ከሐምሌ በኋላ ተማሪም መምህርም አያገኝም። ፍርድ ቤቶች በክረምት ለዕረፍት ሲዘጉ ከአስቸኳይ ጉዳይ በቀር አያስተናግዱም፤ የሕግ ተማሪ መዝገብ ለማየት ይህን ማሰብ አለበት። ገበሬን የሚጠይቅ ደግሞ አጨዳና ውቂያ አልቆ እህል ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ቢሄድ ሰውም መንገድም ይመቸዋል። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ለአብዛኛው ተማሪ የሚቀረው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው፤ ገናና ጥምቀትም በመካከሉ አሉ።

ጽሕፈትና ዲፌንስ

ሚያዝያና ግንቦት የመጻፊያ ወራት ናቸው። ምዕራፍ በምዕራፍ ለአማካሪ መስጠት ሙሉውን በአንድ ጊዜ ከማስረከብ ይሻላል፤ ብዙ ተማሪ የሚያማክር መምህር መቶ ገጽ በሳምንት አንብቦ ይመልስ ዘንድ መጠበቅ አግባብ አይደለም። የቀደሙት ጽሑፎች ዳሰሳ የተሠራው በክረምት ከሆነ ሁለተኛው ምዕራፍ በዚህ ጊዜ ከማስተካከል በቀር ሥራ የለውም።

አማካሪው ለፈተና ይቅረብ ብሎ ሲፈርም ጽሑፉ ለውስጥና ለውጭ ፈታኝ ይላካል። ቀኑ ሲቆረጥ የተማሪው ስም፣ ርዕሱ፣ ክፍሉና ሰዓቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ዲፌንስ የሚባለው ይህ የቃል ፈተና መድረኩ ክፍት ነው፤ ቤተሰብና የሥራ ባልደረባ ይገኛል። ተማሪው በአጭሩ ያቀርባል፣ ፈታኞቹ ገጽ እየጠቀሱ ይጠይቃሉ፣ ከዚያም ሁሉም እንዲወጣ ይደረግና ፈታኞቹ ከሊቀመንበሩ ጋር ይመክራሉ። ተማሪው ተመልሶ ሲገባ ውጤቱን ቆሞ ይሰማል። የጽሑፉ ውጤት እንደ ኮርስ በፊደል ሳይሆን እጅግ በጣም ጥሩ፣ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ በሚሉ ደረጃዎች ይገለጻል። በዚያው ዕለት አበባ ተሰጥቶ ፎቶ መነሣት የስድስት ኪሎ ወግ ነው፤ ይገባልም።

ሆኖም ዲፌንስ ማለፍ መጨረስ አይደለም። ፈታኞች ያዘዙት ማስተካከያ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። የተስተካከለው ቅጂ በአማካሪው ታይቶ የማጽደቂያው ገጽ በሁሉም ይፈረማል፤ ከሌላ ከተማ የመጣ የውጭ ፈታኝ ከሆነ ፊርማውን ከመሄዱ በፊት ማግኘት ብልህነት ነው። ቀጥሎ በግቢው ዙሪያ ካሉት የኮምፒውተርና የጥረዛ ቤቶች በአንዱ በጠንካራ ሽፋን ይጠረዛል፣ የኤሌክትሮኒክ ቅጂው ለማኅደሩ ይገባል፣ የቤተ መጻሕፍትና የሌሎች ክፍሎች ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ አለመኖሩን የሚያረጋግጥ ቅጽ፣ ይሞላል። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ በሚደረገው ምረቃ ጋዎን ለመልበስ ይህ ሁሉ ሴኔቱ የተመራቂዎችን ስም ከማጽደቁ በፊት ማለቅ ስላለበት፣ የዲፌንስ ቀንን ከግንቦት መጨረሻ አሳልፎ ማቀድ አያዋጣም።

ጊዜው ያለፈበት ተማሪ በትምህርት ክፍሉ በኩል የማራዘሚያ ጥያቄ ያቀርባል፣ ለሚጨመረው ሴሚስተርም ይመዘገባል። ሳይመዘገቡ ቤት ሆኖ መጻፍ በሬጅስትራር ዘንድ ማቋረጥ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ መልሶ ለመግባት ሌላ ማመልከቻና ሌላ ጥበቃ ይጠይቃል። ከመሥሪያ ቤት በትምህርት ፈቃድ የመጣ ሰው ደግሞ ማራዘሚያውን ለመሥሪያ ቤቱም በደብዳቤ ያሳውቃል፤ ደመወዙና የገባው የአገልግሎት ግዴታ ከሁለቱ ዓመታት ጋር የተያያዙ ናቸው።