ሰርፊንግ ምንድን ነው? ሞገድ መጋለብና ተራ መጠበቅ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ሕንፃዎቹ አብቅተው የጤፍ ማሳ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ቆሜ ሳለ፣ የጎረቤቴ ልጅ ስልክ ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይኼ ሰውዬ ውኃ ላይ የሚቆመው እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በስልኩ ላይ አንድ ሰው ቤት በሚያክል ሞገድ ፊት በቀጭን ሰሌዳ ቆሞ ቁልቁል ይወርዳል። ልጅቱ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ሐዋሳ ሄዳ ሐይቅ አይታለች፣ ሐይቁ ግን እንዲህ አይነሣም። እኔ በበኩሌ በደቡብ አፍሪካዋ የወደብ ከተማ በደርባን አራት ዓመት ሱቅ ተቀጥሬ ስሠራ ይህንኑ ነገር በየማለዳው ስመለከት ስለ ኖርሁ፣ ጥያቄዋን በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሼ መገላገል አልሆነልኝም። ይህን የምጽፈው ለእርሷና እንደ እርሷ ለሚጠይቁ ሁሉ ነው።

ሰርፊንግ ማለት በአጭሩ ወደ ዳርቻ የሚመጣን ሞገድ ጉልበት በመጠቀም፣ ያለ ሞተርና ያለ ሸራ፣ በሰሌዳ ላይ ቆሞ መንሸራተት ነው። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ የጎደለው ግን ይበዛል። ሰርፈር የሚባለው ሰው ባሕር ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ ቆሞ የሚንሸራተትበት እጅግ ጥቂቱ ነው። አንዱ ግልቢያ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አይዘልቅም፤ የቀረው ጊዜ በሰሌዳው ላይ በደረት ተኝቶ በክንድ መቅዘፍና ከዚያም ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በእኔ እምነት ይህን ባህል ለመረዳት የፈለገ ሰው ከግልቢያው ይልቅ መጠበቁን አስተውሎ ሊያየው ይገባል፤ የዚህ ሕዝብ ደስታም፣ ጠባዩም፣ ጠቡም ከዚያ ይመነጫልና።

የሚጠበቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ለልጅቱ ለማስረዳት ከፊታችን ያለውን ማሳ አሳየኋት። ነፋስ ሲመጣ የጤፉ ዘለላ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ ያጎነብሳል፣ መልሶም ይቃናል፤ መጎንበሱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ማሳውን አቋርጦ እግራችን ሥር ይደርሳል። ነገር ግን ከወዲያ ወዲህ የመጣ ጤፍ የለም፤ እያንዳንዱ አገዳ በበቀለበት ቆሟል። የባሕር ሞገድም እንዲሁ ነው፤ በጥልቁ ባሕር ላይ ውኃው ባለበት ክብ እየሠራ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ወደ ዳርቻ የሚጓዘው ጉልበቱ ነው። ልዩነቱ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል ጤፉም አብሮ ጋብ ይላል፣ የባሕሩ ሞገድ ግን የወለደው ነፋስ ካቆመ በኋላ እንኳ ለቀናት መጓዙን ይቀጥላል። በደርባን ሰዎች ክረምት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ፣ ዳርቻው ላይ የሚደርሰው ትልልቁ ሞገድ የተወለደው ከዚያ እጅግ ርቆ፣ ወደ አንታርክቲካ በሚያደላው ደቡባዊ ውቅያኖስ ላይ በተነሣ ዐውሎ ነው። ነፋሱ በበረታ፣ በቆየና የሚነፍስበት የውኃ ስፋት በጨመረ ቁጥር ሞገዱ ይገዝፋል። ወደ ዳርቻው ሲቃረብ ደግሞ የባሕሩ ወለል ከሥር ይይዘዋል፤ ይዘገያል፣ ቁመቱ ይጨምራል፣ የውኃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት 1.3 እጥፍ ያህል ወደ መሆን ሲወርድም ጫፉ ወደ ፊት ይወድቃል። አንድ ሜትር የሚቆም ሞገድ ጥልቀቱ 1.3 ሜትር ገደማ በሆነበት ስፍራ ይሰበራል ማለት ነው። ሰርፈሩ የሚፈልጋት ያቺን ቅጽበት ነው፤ ተነሥቶ ገና ያልፈረሰውን፣ ከአንድ ወገን መሰበር ጀምሮ ወደ ሌላው እየተዘረጋ የሚሄደውን ግድግዳ።

ስለዚህ ሰርፈሮች ሞገዱ ከሚሰበርበት ጥቂት ወደ ጥልቁ ገባ ብለው፣ ሰሌዳቸውን እንደ በቅሎ ተፈናጥጠው፣ ፊታቸውን ወደ አድማሱ መልሰው ይቀመጣሉ። ይህ ስፍራ ላይንአፕ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ሰልፍ እንደ ማለት ነው። ሞገድ በተርታ ሳያቋርጥ የሚመጣ አይደለም። ጥቂት ትልልቆች ተከታትለው ይመጡና ባሕሩ ለደቂቃዎች ጸጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ ገና ይመጣሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰዎቹ ያወጋሉ ወይም ዝም ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን ከአድማሱ አይነቀልም። ማለዳ በቱሉ ዲምቱ ታክሲ የጠበቀ ሰው ይህን ዓይን ያውቀዋል፤ ሰው ሁሉ እያወራ፣ ሁሉም ሚኒባሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ያያል።

በእኛ ዘንድ ሰልፉ እንዳይደፈር ተራ አስከባሪ አለ። በባሕር ላይ ተራ አስከባሪ የለም፤ ሕጉ ግን አለ፣ ማንም ሳይጽፈውም ከሃዋይ እስከ ሴኔጋል ያለ ሰርፈር ያውቀዋል። ሞገዱ መሰበር ከሚጀምርበት ነጥብ በጣም የቀረበው ሰው የሞገዱ ባለቤት ነው፤ ሌላው ሁሉ መቅዘፉን ትቶ ይለቅለታል። አንድ ሞገድ ለአንድ ሰው። ባለቤት ባለበት ሞገድ ላይ ከፊቱ ተነሥቶ መግባት በዚያ ሕዝብ ዘንድ ትልቁ ነውር ነው፤ ነውርነቱም ከይሉኝታ ብቻ የመጣ አይደለም፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰሌዳ ሲጋጭ ሰው ይጎዳልና ነው። በሕጉ ውስጥ ግን ቀዳዳ አለ። ሕጉ የሚለው «የቀረበ» እንጂ «ቀድሞ የመጣ» አይደለም፤ ጎበዝ ቀዛፊ የሆነ ሰው በሌሎቹ ጀርባ ዞሮ ዘወትር ከነጥቡ አጠገብ ሊገኝ ይችላል። ይህንንም የሚያግደው መተፋፈር ብቻ ነው። ደርባን ሳለሁ ከሲሚንቶው የባሕር ድልድይ ላይ ቆሜ እንዳየሁት፣ አንድ ሽማግሌ ሦስት ሞገድ ከጋለበ በኋላ አራተኛው ሲመጣ እጁን ከውኃው አውጥቶ አጠገቡ ለነበረ ልጅ «ሂድ» ብሎ ምልክት ሰጠው፤ ልጁም ሄደ። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች እንግዳን በስድብና በማስፈራራት ያባርራሉ፤ ሰፈሬ ነው ብሎ ሞገድን መከልከል ከዚህ ባህል ሁሉ የምጠላው ነገር ነው።

ተራ የመከልከልን ክፉ መልክ ደርባን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። በአፓርታይድ ዘመን የከተማዪቱ ዳርቻዎች በቆዳ ቀለም ተከፋፍለው ነበር፤ መልካሙ ሞገድ የሚሰበርበት ዳርቻ ለነጮች ብቻ የተከለለ ነበር። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤዲ አይካው የተባለ የሃዋይ ተወላጅ ሰርፈር ለውድድር ወደ ደርባን ሲመጣ፣ በቆዳው ምክንያት ሊያርፍበት ያሰበው ሆቴል አልቀበልም አለው። ያስጠጋው የሾን ቶምሰን ቤተሰብ ነበር፤ ሾን በኋላ በ1977 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የደርባን ልጅ ነው። አይካው በአገሩ የዋይሜያ ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኛ ነበር። በ1978 በባሕላዊ ጀልባ ሲጓዙ ጀልባዋ ብትገለበጥ፣ ለጓደኞቹ እርዳታ ላምጣ ብሎ በሰሌዳው እየቀዘፈ ሄደ፤ ጓደኞቹ ተረፉ፣ እርሱ ግን ዳግመኛ አልታየም። እኔ ደርባን ስደርስ ያ ክልከላ ከተሻረ ብዙ ዘመኑ ነበር፤ በእኔ ዘመን ጥቁርም፣ ነጭም፣ ሕንዳዊም በአንድ ሰልፍ ተቀምጦ አድማሱን ሲያይ አይቻለሁ።

ሞገድ መጋለብ የነጮች ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሃዋዮች «ሄኤ ናሉ» ይሉታል፣ ሞገድ ላይ መንሸራተት ማለት ነው፤ በ1779 ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከካፒቴን ኩክ መርከቦች ጋር የነበረው መኮንን ጄምስ ኪንግ በማስታወሻው ሲጽፈው ነገሩ እዚያ የኖረ ጥበብ ነበር። ኦሎ የተባለው ረጅሙ ሰሌዳ የመሳፍንቱ ነበር፣ ሕዝቡ የሚጋልበው አጠር ባለው ነው። በኋላ ከውጭ የገባ በሽታ ሕዝቡን ሲፈጀው፣ ከ1820 ጀምሮ የመጡት ሚስዮናውያንም ጨዋታውን ሲነቅፉት፣ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። መልሶ ለዓለም ያስተዋወቀው ዱክ ካሃናሞኩ ነው፤ በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በዋና ወርቅ ያገኘ ሃዋያዊ ሲሆን፣ በ1914 መጨረሻ ሲድኒ ላይ ከእንጨት ጠርቦ በሠራው ሰሌዳ ለአውስትራሊያውያን አሳያቸው። በምዕራብ አፍሪካም፣ ዛሬ ጋና በምንለው ዳርቻ፣ ልጆች በሰሌዳ ላይ ሆነው በውኃ ሲጫወቱ አንድ አውሮፓዊ ተጓዥ በ1640ዎቹ ጽፏል። እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ፔሩ ነው። በሁዋንቻኮ ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች ከሸንበቆ መሰል ሣር አስረው በሚሠሩት፣ አፍንጫው ወደ ላይ በተቀለበሰ ጠባብ ጀልባ ተፈናጥጠው፣ ሲመለሱ ሞገዱን ጋልበው ወደ ዳርቻ ይወጣሉ። ፎቶግራፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይ ጣና ላይ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳችን ነው የመሰለኝ። ሣሩም ከደንገል ጋር የአንድ ቤተሰብ ዘር ነው። የጣና ሰው ያጣው ሞገዱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትንንሾቹ ልማዶች ልመለስ፤ ለእኔ የዚህ ባህል ጣዕም ያለው በእነርሱ ነውና። ሰርፈሮች ጎሕ ሲቀድ ውኃ ይገባሉ፤ ይህ ትጋትን ለማሳየት አይደለም። ሌሊት የብሱ ከባሕሩ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ማለዳ ላይ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል፤ የሞገዱንም ፊት ደግፎ ያቆመዋል፣ ያለሰልሰዋል። ፀሐይ ከፍ ስትል ነፋሱ ይዞርና ባሕሩን ያዝረከርከዋል። ስለዚህ ወደ ሱቄ ስሄድ የማገኛቸው ሰዎች የዕለት ደስታቸውን ጨርሰው፣ ፀጉራቸው እየተንጠባጠበ ወደ ሥራ የሚጣደፉ ነበሩ።

ከመግባታቸው በፊት የሚሠሩት ሥራ ሰም መቀባት ነው። እኔ አስቀድሜ ሰሙ ሰሌዳው በውኃ ላይ እንዲንሸራተት ከሥር የሚቀባ መስሎኝ ነበር፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሰሙ የሚቀባው ከላይ፣ እግር በሚቆምበት በኩል ነው፤ የሰሌዳው ልባጥ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ስለሚያዳልጥ። ሰውዬው ሰሌዳውን አሸዋ ላይ ያጋድማል፣ የእጅ መዳፍ የምታህል ክብ ሰም አውጥቶ መጀመሪያ በስፋት፣ ቀጥሎ በትንንሽ ክብ ያሻል፤ ቀስ በቀስ ሰሙ እንደ ሽሮ ጠብታ ጉብ ጉብ እያለ ይጋገራል፣ የኮኮናት ሽታውም ይነሣል። ለሞቃት ባሕር ጠንካራ፣ ለቀዝቃዛ ባሕር ለስላሳ ሰም አለ። ይህን ሲሠሩ አይቸኩሉም፤ እያሹ ባሕሩን ያነባሉ፣ ሞገዱ የት እንደሚሰበር፣ ሰልፉ ውስጥ ማን እንዳለ። ጀበና ከመጣዱ በፊት ቡናውን የምትለቅም ሴት እጅ ያለው እርጋታ በዚያ እጅ ላይ አለ።

ግራ እግሩን የሚያስቀድም ሰርፈር «ሬጉላር»፣ ቀኙን የሚያስቀድም «ጉፊ» ይባላል፤ ማን የትኛው እንደ ሆነም ልክ እኛ ስለ ግራ እግር ተጫዋች እንደምናወራው ያወሩበታል። በሃዋይ የሞገድ ቁመት ሲነገር ከጀርባው ስለሚለካ፣ ሌላው ዓለም ሁለት ሜትር የሚለውን እነርሱ የዚያን ግማሽ ያህል ይሉታል። ባሕሩን ማጋነን እንደ ጨዋነት ጉድለት የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ይህ ጠባያቸው ደስ ይለኛል።

እኔም አንድ እሑድ ሞክሬያለሁ። አብሮኝ የሚሠራ የደርባን ልጅ ለስላሳ ሰሌዳ ተውሶ፣ ውኃው ወገቤ ድረስ በሚደርስበት፣ ከ1952 ጀምሮ የሻርክ መከላከያ መረብ በተዘረጋበት የከተማው ዳርቻ፣ በደረቴ አስተኝቶ የተሰበረ ነጭ አረፋ ሲመጣ ገፋኝ። አልቆምሁም። ሰሌዳው ግን ድንገት ከሥሬ ሕይወት እንደ ዘራ ሁሉ ፈጠነ፤ እኔ ሳልቀዝፍ፣ ማንም ሳይስበኝ፣ ከሩቅ የመጣ አንድ ነገር ተሸክሞ አሸዋ ላይ አደረሰኝ። ተነሥቼ ያለ ምንም ንግግር ወደ ውኃው ተመለስሁ።

ኮዬ ፈጬ ላይ ሞገድ የለም፤ ከዚህ እስከ ቅርቡ ባሕር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን የሰርፊንግ ልጅ ሰፈራችን ደርሷል። በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያ ሰርፈሮች ሞገድ በማይኖርበት ቀን አስፋልት ላይ ለመጋለብ ጎማ የተገጠመለት ሰሌዳ መጠቀም ጀመሩ፤ ስኬትቦርድ የምንለው ያ ነው። ሰርፊንግና ስኬትቦርድ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩትም በአንድ ላይ ነው፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ 2020 ውድድር። አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 ለስኬትቦርድ የሚሆን ሜዳ ተሠርቷል፤ የእኛ ሰፈር ልጆች ግን ሜዳቸው በብሎኮቹ መካከል የሚወርደው አስፋልት ነው።

ልጅቱን ከማሳው ወደዚያ ወሰድኋት። ስድስት ልጆች አሉ፣ ሰሌዳው አንድ ነው፣ አንዱ ጎማውም ይንቀጫቀጫል። አንዱ ይወርዳል፣ ከታች ሰሌዳውን ብብቱ ሥር አድርጎ እየሮጠ ይመለሳል፣ ለቀጣዩ ያቀብላል። መኪና ሲመጣ ሁሉም ጠርዝ ይዘው ይቆማሉ። ልጅቱ ጥቂት ስታይ ቆየችና ስልኩን ለእኔ ሰጥታ ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ሄዳ ቆመች። «ከማን ቀጥሎ ነኝ?» አለችው። «ከእኔ» አላት።