የቤት ቁንጫ ምንድን ነው? ከቸነፈርስ ጋር ምን አገናኘው?

ጎጃም ውስጥ ቢቸና አካባቢ ለወራት ተዘግቶ የከረመ ቤት የከፈተ ሰው ያውቀዋል። ገና ደፉን ተሻግሮ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ባቱ ላይ ጥቋቁር ነጥቦች ይሰፍራሉ፤ ነጭ ጋቢ ከለበሰማ ጫፉ ላይ ሲዘሉ ይታያሉ። ቁንጫ እንደ ቅማል እንቁላሏን ፀጉር ላይ አትለጥፍም። እንቁላሉ መሬት ላይ ይረግፋል፤ እጩ በመደቡ ስንጥቅና ከቁርበት ሥር ባለው አቧራ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ እንደ ድር ባለ ሽፋን ተጠቅልሎ ወራት ሊጠብቅ ይችላል። ኮቴ ሲያንቀጠቅጠው፣ የሰውነት ሙቀት ሲደርሰው ይወጣል።

ቸነፈርን ቀድማ ወደ ቤት የምታመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላዋ፣ የአይጥ ቁንጫ ናት። ቸነፈር በመሠረቱ የአይጥና የመሰሎቿ በሽታ ነው። ሐኪሙ አሌክሳንደር የርሳን በ1894 እ.ኤ.አ. የበሽታውን ባክቴሪያ ሆንግ ኮንግ ላይ ለየ፤ ሌላው ሐኪም ፖል ሉዊ ሲሞን ደግሞ በ1898 ካራቺ ውስጥ አስተላላፊዋ ቁንጫ መሆኗን በሙከራ አሳየ። ብዙ ሰው ቶሎ አልተቀበለውም ነበር።

አሠራሩ ያስደነግጣል። ባክቴሪያው ቁንጫዋ ሆድ መግቢያ ላይ ተባዝቶ እንደ ውታፍ ይወትፈዋል። ደም ትመጥጣለች፣ አይወርድላትም፤ ይርባታል፣ ደግማ ደጋግማ ትነክሳለች፤ ያልወረደው ደም ከነባክቴሪያው ወደ ቁስሉ ይመለሳል። አይጧ ጎታ ሥር ስትሞት ሬሳዋ ይቀዘቅዛል፤ ቁንጫዋም ሙቀት ፍለጋ አጠገቧ ወዳለው ትዘላለች። አጠገቧ ያለው መደብ ላይ የተኛ ልጅ ሊሆን ይችላል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ፍልስጥኤማውያን እባጭና አይጥ በወርቅ ሠርተው የላኩበትን ታሪክ አንዳንድ ሊቃውንት ከዚህ በሽታ ጋር የሚያያይዙት አይጥና የበሽታው ምልክት የሆነው እባጭ አብረው ስለተጠቀሱ ነው።

እኛን በየሌሊቱ የምትበላን የቤት ቁንጫ፣ ማለትም የሰው ቁንጫስ? ውታፉ በእሷ ሆድ ብዙም ስለማይሠራ አንዷ ብቻዋን ደካማ አስተላላፊ ናት። ነገር ግን ቤቱ በቁንጫ ከተወረረ ብዛቷ ድካሟን ሊያካክሰው ይችላል። ታንዛኒያ ውስጥ በሉሾቶ በተደረገ ጥናት ቸነፈር በሚደጋገምባቸው መንደሮች የሰው ቁንጫ በብዛት ተገኝቷል። ከሰው ወደ ሰው የማስተላለፍ ድርሻዋ ምን ያህል እንደሆነ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ።

ቁንጫ በብዛት የምትነክሰው እግር ስለሆነ ሕመሙ ብዙ ጊዜ በድንገተኛ ትኩሳትና በብሽሽት በሚወጣ፣ በጣም በሚያም ንፍፊት ይጀምራል። ካልታከመ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑ ታማሚዎችን ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በተለመዱ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ይድናል።

ይህን የምጽፈው ጎጃም ቸነፈር ገብቷል ለማለት አይደለም። አንድ ልማድ ስለሚያሳስበኝ ነው፦ አይጥ ሲበዛ መጀመሪያ መርዝ እንበትናለን። ቸነፈር ባለበት አገር ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ወለሉና የአይጥ ጉድጓዱ ፀረ ቁንጫ መድኃኒት ይረጫል፣ አይጥ የሚገደለው ከዚያ በኋላ ነው። የሞተች አይጥም በባዶ እጅ በጅራቷ ተንጠልጥላ አትወጣም።